ስለ ኤ-7-5 አፈር ለጠየቃችሁኝ ወጣት መሐንዲሶች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ኤ-7-5 አሽቶ በሚባለው የአሜሪካ የመንገድ አፈር አመዳደብ ለሸክላማ አፈር የሚሰጥ መደብ ነው። ከእናንተ አንዱ፣ «ላቦራቶሪው አፈሩን ኤ-7-5 ብሎ ከመደበው፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ቆርጦ መጣል አይበቃም ወይ?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በምዕራብ ኢትዮጵያ ይሠራ የነበረን አንድ የገጠር መንገድ ስላስታወሰኝ ለሁላችሁም ልጽፍ ተነሣሁ።

መንገዱ የሚያልፈው በቀይ አፈር ኮረብታዎች መካከል ነበር። ለሙሌት የታሰበው አፈር ሊኩዊድ ሊሚቱ (እንደ ፈሳሽ መፍሰስ የሚጀምርበት እርጥበት በመቶኛ) 60፣ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (እንደ ሊጥ የሚቦካበት የእርጥበት ስፋት) 25 ገደማ ስለነበር በአሽቶ አመዳደብ ኤ-7-5 ሆነ። አማካሪው መደቡን አይቶ ከለከለ፤ ተቋራጩ ሌላ አፈር ከሩቅ ማጓጓዝ ጀመረ፤ ክረምቱም መንገዱ ሳያልቅ ደረሰ። የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሺያን ግን አፈሩን አርጥቦ በመዳፉ እያሸ፣ ይህ አፈር እንደ መረሬ ሲረጥብ እንደማያብጥና ሲደርቅም እንደማይሰነጣጠቅ፣ የአካባቢው አሮጌ ቤቶችም በላዩ ላይ በደኅና እንደቆሙ ደጋግሞ ይናገር ነበር። በቅጹ ላይ ይህ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ያ ሁሉ ዕውቀት በአንድም ሰነድ ላይ ሳይሰፍር ሰውየው ጡረታ መውጣታቸው ነው፤ እጃቸው አፈር ሲነካ ያየ ሰው አይረሳቸውም።

አሁን ደግሞ ሊኩዊድ ሊሚቱ 100፣ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ 60 የሆነ የአቃቂ ሜዳ ዓይነት ጥቁር አፈር ውሰዱ። በአሽቶ ይህም ኤ-7-5 ነው። የአፈር መሐንዲሱ ካሳግራንዴ በ1942 እ.ኤ.አ. ለጦር አውሮፕላን ማረፊያዎች ባዘጋጀው፣ ኋላም ዩኒፋይድ በተባለው ሥርዓት ግን ይለያያሉ፤ ከሊኩዊድ ሊሚቱ 20 ተቀንሶ በ0.73 ሲባዛ ለቀዩ 29.2፣ ለጥቁሩ 58.4 ስለሚሆን፣ ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሳቸው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀዩ ሸክላን ከደለል ከሚለየው ኤ መስመር በታች ውሎ ኤምኤች (ደለል መሰል)፣ ጥቁሩ ከመስመሩ በላይ ውሎ ሲኤች (እጅግ የሚቦካ ሸክላ) ይባላል። ጥቁሩን የሚያሳብጠው በንጣፎቹ መካከል ውኃ የሚያስገባው ሞንትሞሪሎናይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ነው፤ በቀዩ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው ካኦሊናይት የተባለው ሌላ የሸክላ ማዕድን ሲሆን የብረት ኦክሳይድም ቅንጣቶቹን ያጣብቃል።

በስሌት ከእኛ ትውልድ እጅግ ትፈጥናላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አፈሩን ሳትነኩ መደቡን በኮምፒውተር መሙላታችሁ ግን ያሳስበኛል። ይህን ስል ወንፊቱንና ሊሚቶቹን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ በመዳፉ ብቻ የሚፈርድ መሐንዲስ ሪፖርት ሲያቀርብልኝ እኔው ራሴ አልፈርምለትም።

ቀይ አፈር በ105 ዲግሪ ኦቨን ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ሊኩዊድ ሊሚቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ አንዱን ናሙና በተፈጥሮ እርጥበቱ፣ ሌላውን አድርቃችሁ መርምሩ፤ የትኛው ውጤት ከየትኛው እንደመጣም በሪፖርቱ ላይ ጻፉ። ጠያቂው ስለ አፈሩ ቀለም አልነገረኝም። ቀይም ይሁን ጥቁር፣ ነፃ እብጠቱ (ጭነት ሳይኖርበት በውኃ ውስጥ የሚያብጠው መጠን) ተለክቶ፣ ሲቢአሩም (ጭነት የመሸከም አቅሙ መለኪያ) አራት ቀን በውኃ ከተነከረ በኋላ ከእብጠቱ ጋር ተመዝግቦ ሳይታይ አይጣል።