መልስ፦ በጫማው ውስጥ የሚታየው የስፌት መስመር

ወንድሜ፣ «የጫማዬን ምንጣፍ ሳነሣ የስፌት መስመር አየሁ፤ ጉድለት ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። በፍጹም አይደለም! ይህ የማኬይ ስፌት ይባላል። የሚሰፋበትን የስፌት መኪና የፈለሰፈው አሜሪካዊው ጫማ ሠሪ ላይማን ብሌክ ነው፤ የባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1858 አገኘ። ጎርደን ማኬይ መብቱን ገዝቶ አሻሻለው፤ ስሙም በእርሱ ቀረ።

የመኪናው ብልሃት ያለው ቀንዱ ላይ ነው። እንደ ቀንድ የቆለመመ ክንድ ጫማው ውስጥ ይገባና ሰም የጠጣውን ክር እስከ ጫፉ ያደርሳል። ባለመንጠቆው መርፌ ከውጭ በስቶ ይገባል፤ ክሩን ይዞ ይመለሳል። የውጭ ሶሉ፣ የላይኛው ቆዳና የውስጥ ሶሉ በአንድ ምት ይሰፋሉ። በሙጫ ብቻ ከተለጠፈ ሶል እጅግ እመርጠዋለሁ።

ሶሉ አልቆ ክሩ ከታች ብቅ ካለ ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ጫማ ሰፊ ውሰደው፤ የሰንሰለት ስፌት ስለሆነ፣ ማለትም የክሩ ቀለበቶች እንደ ሰንሰለት እርስ በርስ ስለተያያዙ፣ አንዱ ከተበጠሰ ቀሪውም ሊተረተር ይችላል።