የመጀመሪያው የፖሊሽ ማሽን፦ ባለኝ ውስን ገንዘብ የቱን ልግዛ?

ጥያቄ፦ ዐሥር ዓመት ያገለገለች ጥቁር መኪና አለችኝ። ጥላ ሥር ስትቆም ደህና ትመስላለች፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ግን ኮፈኗና በሮቿ ሸረሪት ያደራባቸው ይመስል ክብ ክብ በሆነ ቀጫጭን ጭረት ተሞልተው ይታያሉ። በእጄ ፖሊሽ አድርጌ ሞክሬ ነበር፤ ክንዴ ዛለ እንጂ ጭረቱ አልለቀቀም። አሁን ማሽን ልገዛ ወስኛለሁ፤ የመደብኩት ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። በዚሁ ገንዘብ ስሙ የታወቀ ነገር ግን ያገለገለ ሮታሪ የሚባል የፖሊሽ ማሽን፣ ወይም ስሙን ሰምቼው የማላውቅ አዲስ ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ማሽን፣ ወይም በሁለት እጅ የሚያዝ ሰፊ የሰም መቀቢያ ማግኘት እችላለሁ። ወንድሜ ደግሞ «ቤት ባለው ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ብንገጥምበት ገንዘብህ ይተርፋል» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ከወንድምዎ ሐሳብ ልጀምር፤ ከአራቱ መካከል መኪናዎን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊያበላሽ የሚችለው እሱ ነውና። 115 ወይም 125 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዘው የተለመደው ግራይንደር ብረት ለመቁረጥና ለመሞረድ የተሠራ ስለሆነ በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ይሽከረከራል። ለመኪና ቀለም የተሠራ ሮታሪ ግን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በደቂቃ ከ600 እስከ 2,000 ዙር ባለው ፍጥነት ነው። በግራይንደር ፍጥነት የሚዞር ስፖንጅ ፈሳሹን በየአቅጣጫው ይረጨዋል፣ ቀለሙን ያቃጥላል፣ ራሱም ተበጣጥሶ ፊትዎ ላይ ሊፈናጠር ይችላል። ወንድምዎ ለገንዘብዎ አስበው ያሉት መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን አንድ ኮፈን እንደገና ማስቀባት ከማንኛውም ርካሽ ማሽን ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገርበትን ምክንያት ለመረዳት ማሽኑ የሚነካው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ቀለም የሌለው ግልጽ ሽፋን አለ፤ ፀሐይ ላይ የሚያዩት ጭረትም የሚገኘው በዚህ ሽፋን ውስጥ ነው። የፋብሪካ ክሊር ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ሲሆን ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት የሚያንስ ነው። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ጭረቱን መሙላት ሳይሆን በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በጥቂት ማይክሮን ዝቅ አድርጎ ከጭረቱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው። የተነሣው ክሊር አይመለስም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ማሽን የማቀርበው ጥያቄ «ኃይሉ ስንት ነው?» የሚል ሳይሆን «እጄ ሲሳሳት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚነሣ ነው።

ሮታሪ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ የሚሽከረከር ማሽን ነው። ተጭነውትም ሆነ አዘንብለውት መዞሩን አያቆምም፤ በአንድ ቦታ ሲቆይ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል። በሠለጠነ እጅ ፈጣንና ጠንካራ መሣሪያ መሆኑን አልክድም። እኔ ራሴ ሥራውን የጀመርኩት በሮታሪ ነበር። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዲት ሰማያዊ መኪና ኮፈን ላይ፣ ላሜራው ታጥፎ ወደ ታች በሚወርድበት ጠርዝ፣ ማሽኑን ለሁለት ሰከንድ ያህል አቆየሁት። ሳነሣው በጠርዙ ላይ የጣት ርዝመት ያህል ግራጫው የመሠረት ቀለም ወጥቶ አየሁ። ቀለም ገና እርጥብ ሳለ ከሹል ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ስለሚሸሽ እዚያ ከሌላው ቦታ ይልቅ ስስ ሆኖ እንደሚደርቅ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኮፈኑ ሙሉ በሙሉ እንደገና ተቀባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም ሰው በሮታሪ እንዲጀምር መክሬ አላውቅም፤ ለእርስዎም አልመክርም፣ ስሙ የቱንም ያህል የታወቀ ቢሆን።

በሁለት እጅ የሚያዘው ሰፊ መቀቢያ ተቃራኒው ነው። ቀለም አይጎዳም፤ ጭረትም አያነሣም። ፓዱ፣ ማለትም ቀለሙን የሚነካው ስፖንጅ፣ ሰፊና ለስላሳ፣ ሞተሩ ደካማ በመሆኑ ትንሽ ሲጫኑት ይቆማል። ሰም ለመቀባት ደግሞ እጅና አንድ ስፖንጅ ይበቃሉ። ገንዘብዎን እዚያ ላይ እንዳያውሉት እለምንዎታለሁ፤ ብዙ ጀማሪዎች «ማሽን ገዝቼ ምንም ለውጥ አላየሁም» ብለው ሥራውን የሚተዉት በዚህ መሣሪያ ምክንያት ነው።

የሚቀረው ባለ ሁለት እንቅስቃሴው ማሽን ነው፤ ምርጫዬም እሱ ነው። ፓዱ ከመሃሉ ፈንጠር ብሎ በትንሽ ምህዋር እየተንቀሳቀሰ በራሱም ዙሪያ ይዞራል። በአብዛኞቹ ርካሽ ዓይነቶች ላይ ይህ ሁለተኛው ዙረት በጥርስ የተያያዘ ሳይሆን ነፃ ነው። ሲጫኑት ወይም ሲያዘነብሉት ፓዱ መዞሩን ያቆምና ባለበት ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ክሊሩን መቁረጡ በእጅጉ ይቀንሳል። ሙያተኞች እንደ ድካም የሚቆጥሩት ይህ ጠባይ ለጀማሪ ትልቁ ዋስትና ነው። እርግጥ ነው፣ ጠርዝ ላይ ቢያስቀምጡትና ረጅም ጊዜ ቢቆዩበት ይህም ማሽን ክሊሩን ሊጨርስ ይችላል፤ ነገር ግን ስህተትዎን ለማየትና ለማረም ጊዜ ይሰጥዎታል።

ስሙን የማያውቁት አዲስ ማሽን እንዳያስጨንቅዎት፤ ከስሙ ይልቅ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ዋናው የምህዋሩ ስፋት ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት 8፣ 12፣ 15 እና 21 ሚሊ ሜትር ናቸው። ባለ 21ዱ ሰፊና ዝርግ ቦታን ቶሎ ይጨርሳል፤ በፓራፋንጎና በበር ቅርጾች ላይ ግን ቶሎ ቶሎ መዞሩን ያቆማል። ባለ 8ቱ ዝግ ያለ ነው፤ ሆኖም ጠመዝማዛ ቦታ ላይ ሳያስቸግር ይሠራል። ለአንድ ተራ የቤት መኪና ባለ 15 ሚሊ ሜትር ወይም፣ እሱ ካልተገኘ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ከ125 ሚሊ ሜትር የፓድ መያዣ ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል። የ150 ሚሊ ሜትር መያዣ ሥራ ያፋጥናል በሚል ይሸጣል፤ ነገር ግን በአነስተኛ ሞተር ላይ ሰፊ ፓድ መግጠም ዙረቱን ያዳክማል።

የፍጥነት መቆጣጠሪያ መኖሩ ግዴታ ነው። ማሽኑ ሲነሣ ቀስ ብሎ የሚጀምር ቢሆን መልካም ነው፤ ይህ ከሌለ ፓዱን ቀለሙ ላይ አስቀምጠው ካልሆነ በቀር ማብሪያውን አይጫኑ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት ሞተሩ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ እንጂ ፓዱ ላይ የሚደርሰውን ጉልበት ስለማይናገር ብዙ አይመኑበት፤ ለባለ 15 ሚሊ ሜትር ከ700 ዋት በታች ከሆነ ግን እጠራጠራለሁ። በባትሪ የሚሠሩትን ለጊዜው ይተዉአቸው፤ ፖሊሽ ሥራ ባትሪ ስለሚጨርስ ቢያንስ ሁለት ባትሪ ያስፈልጋል፣ ይህም ውስን ገንዘብዎን ይበላዋል። የጣሊያኑ ሩፔስና የጀርመኑ ፍሌክስ ማሽኖች በሙያው የተመሰገኑ ናቸው፤ ይሁንና በየቀኑ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጁ ስለሆኑ አንዲት መኪና በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚያስውብ ሰው ዋጋቸው አይመጥንም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። ገንዘብዎን ሁሉ ማሽኑ ላይ አይጨርሱት። ካለዎት ገንዘብ ከግማሽ ብዙ ያልበለጠውን ለማሽኑ፣ የቀረውን ለፓድ፣ ለፈሳሽና ለጨርቅ ያውሉት። ጭረቱን የሚያነሣው ፈሳሹና ፓዱ ነው፤ ማሽኑ የሚያንቀሳቅሳቸው ክንድ ነው። በአንድ ፓድ ብቻ መኪና መጨረስ አይቻልም፤ ፓዱ በፈሳሽና በተነሣው ክሊር ሲሞላ ይሞቃል፣ መቁረጡንም ይተዋል። ቢያንስ አራት መካከለኛ የስፖንጅ ፓድና ሁለት ለስላሳ ማጠናቀቂያ ፓድ፣ አንድ መካከለኛ ፖሊሽ፣ ፓዱን የሚያጸዳ ብሩሽ፣ ስድስት ያህል ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ጠርዝና ፕላስቲክ የሚሸፍን የወረቀት ፕላስተር ይግዙ። ከባድ ኮምፓውንድ (ከፖሊሽ ይልቅ አጥብቆ የሚቆርጥ ፈሳሽ) እና የሱፍ ፓድ አሁን አያስፈልጉዎትም።

ማሽኑ እጅዎ ሲገባ በፓድ መያዣው ጎን ላይ በማርከር አንድ ወፍራም መስመር ያስምሩ። እየሠሩ ሳለ ዓይንዎ ፓዱን ሳይሆን ያንን መስመር ይከተል። መስመሩ እየተሽከረከረ ከታየዎት ፓዱ በትክክል እየዞረ ነው፤ ባለበት ቆሞ ከተንቀጠቀጠ ግን ወይ በጣም ተጭነዋል፣ ወይ ማሽኑን አዘንብለዋል። ርካሽ ማሽኖች ሲጫኗቸው ፍጥነታቸው ስለሚወርድ ይህች መስመር ከማንኛውም መመሪያ በላይ ታስተምርዎታለች።

መኪናዋን አጥበው፣ የተጣበቀውን ቆሻሻ ክሌይ በሚባለው ለስላሳ የጽዳት ጭቃ አንሥተው፣ ካደረቋት በኋላ ፀሐይ በሌለበት ቦታ ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነች አንድ ቦታ በፕላስተር ይከልሉ። ፓዱ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህሉ አራት ጠብታዎች ያድርጉ፤ በዝቅተኛ ፍጥነት ያዳርሱት፤ ከዚያ ወደ መካከለኛው ከፍ አድርገው እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ እየደረበ አራት ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይመላለሱበት። በአልኮል ቅልቅል ጠርገው በእጅ ባትሪ ብርሃን ይመልከቱት፤ ዘይት ያለበት ፖሊሽ ጭረትን ለጊዜው ስለሚደብቅ ሳይጠርጉ መፍረድ ያታልላል። ያቺ ቦታ ካማረች ሌላውንም በዚያው መንገድ ይቀጥሉ። ጥፍርዎ የሚይዘው ጥልቅ ጭረት ካለ ግን ይተዉት፤ እሱን ለማጥፋት መሞከር ክሊሩን መጨረስ ነው።

ጥያቄ፦ ሌላ አንባቢ ያገለገለ ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ማሽን በጥሩ ዋጋ እንዳገኙ ገልጸው ከመክፈላቸው በፊት ምን መመርመር እንዳለባቸው ጠይቀዋል።

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው የቮልት መጠኑን ከማሽኑ ገላ ላይ ያንብቡ። ለ120 ቮልት የተሠራ ማሽን በ220 ወይም በ240 ቮልት መስመር ላይ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል፤ መቀየሪያ ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ተጨማሪ ወጪ ነው። ቀጥሎ ሰክተው በዝቅተኛ ፍጥነት ያስነሡትና ጆሮዎን ይስጡት። ኩሽኔታው ያለቀ ማሽን አሸዋ የሚፈጭ ይመስል ይንኮሻኮሻል፤ በአየር ማስወጫው በኩል ብዙ ብልጭታ ከታየ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል ማለት ነው። ካርቦን በቀላሉና በርካሽ ይለወጣል፣ ስለዚህ ለዋጋ መደራደሪያ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ኩሽኔታ ግን ያሳስበኛል።

ነቅለው የፓድ መያዣውን በእጅዎ ያዙሩት፤ ያለ መያያዝ ሊዞር ይገባል። ፓድ የሚለጠፍበት ሻካራ ገጽ በሙቀት ከቀለጠ ወይም ከተላጠ ፓዱ በሥራ መሃል ይወረወራል። መያዣው ከማሽኑ ጋር የመጣው መሆኑንም ይጠይቁ፤ የውስጡ የሚዛን ክብደት ለአንድ የመያዣ መጠን ተለክቶ ስለሚሠራ የሌላ መጠን መያዣ የተገጠመለት ማሽን እጅ እስኪደነዝዝ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ሻጩ አስነሥቶ ሊያሳይዎት ፈቃደኛ ካልሆነ አይግዙት።

ጥያቄ፦ ቀይ አሮጌ መኪና ያላቸው አንባቢ ፖሊሽ ሲያደርጉ ነጩ ፓድ ቀይ እንደሆነባቸውና እንደደነገጡ ጽፈዋል።

መልስ፦ ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምሮ በሁሉም ቦታ እኩል ከቀላ መኪናዎ ክሊር የሌለው ባለ አንድ ንብርብር ቀለም ነው ማለት ነው፤ ቀለሙ ራሱ እየተወለወለ ስለሆነ ፓዱ መቅላቱ የሚጠበቅ ነው። ፓዱን ቶሎ ቶሎ በብሩሽ ያጽዱ፣ ቀላል ፖሊሽ ይጠቀሙ፣ ያንን ፓድ ለሌላ መኪና አያውሉት። ሲሠሩ ቆይተው በአንድ ቦታ ብቻ በድንገት ከቀላ ግን ክሊሩን ጨርሰው ቀለሙ ላይ ደርሰዋልና ማሽኑን ወዲያውኑ ያንሡ፤ ያንን ቦታ ዳግመኛ ሳይነኩት በሰም ሸፍነው ለቀለም ባለሙያ ያሳዩት።