ፊልሙ አለቀ፤ ጨዋታው የት ገባ?

ሰሞኑን ከሐዋሳ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ከጓደኛ ጋር ተሰብስቦ ፊልም ማየትና መወያየት። አሳጥሬ አቀርባቸዋለሁ።

«ስድስት ሆነን ቅዳሜ ማታ አንዳችን ቤት ፊልም እናያለን። ዓላማችን መወያየት ነበር። ፊልሙ እንዳለቀ ግን ‹ጥሩ ነው›፣ ‹ይሰለቻል› ይባልና ጨዋታው ወደ እግር ኳስ ይዞራል። ምን ይሻለናል?» (ከአቶቴ)

ኳሱን አትውቀሱት። «እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጀምር ሰው የሚጠይቀው ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ በአንድ ቃል ያልቃል። እሱን ወደ ኋላ አቆዩትና በመጀመሪያ ስላያችሁት ነገር ተነጋገሩ። ቀልባችሁ የተያዘው የትኛው ትዕይንት ላይ ነው? ካሜራው ማንን ተከተለ፣ የማንን ጀርባ ብቻ አሳየን? ሙዚቃው ድንገት ጸጥ ያለው የት ጋ ነው? ይህን ለመመለስ የፊልም ትምህርት አያስፈልግም፤ ነቅቶ ማየት ይበቃል።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንውሰድ። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ በቀጣዩ ዓመት በኡጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ከፍተኛውን ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ አንድ እግሩ የለም። ታሪኩ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ይመላለሳል። «ጥሩ ነው ወይ?» ከተባባላችሁ ግማሾቻችሁ «ረዥም ነው» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ እውነት አላችሁ። «እግሩን እንዴት እንዳጣ ለምን ቶሎ አልነገሩንም? ታሪኩ ከልጅነቱ ተነሥቶ በቅደም ተከተል ቢተረክ ምን ይጎድል ነበር?» ብላችሁ ብትጀምሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ዘመን በአካል ያሳለፈ አጎት ወይም ጎረቤት አብሯችሁ ካለማ ኳሱን ማንም አያነሣውም።

አንድ ዘዴም ልንገራችሁ፤ ቡናው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን ካለቀ በኋላ ይቆላ። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ አቦሉ እስኪቀዳ ግማሽ ሰዓት መሄዱ አይቀርም፤ ቡና እየተፈላ ተነሥቶ መውጣት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ሰው ሌላ መሄጃ ካጣ ያየውን ማውራቱ አይቀርም።

«አንድ ጓደኛችን ፊልሙን ቀድሞ አይቶት ይመጣና ‹አሁን እዩት!› እያለ ያስቸግረናል።» (ከመናኸሪያ)

ፊልም የመምረጡን ተራ ለእሱ አትስጡት። ያየውን ፊልም እንደገና ማየቱ ግን ጥፋት አይደለም፤ ታሪኩን ስለሚያውቅ እናንተ ያመለጣችሁን ሊያስተውል ይችላል። ለመናገር እስከ ቡናው ይታገሥ።

«የምናየው እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው። እናቴ አብራን ትቀመጣለች። የሚያሳፍር ትዕይንት ሲመጣ ሁላችንም ወለል ወለሉን እናያለን። እንዴት አድርጌ እንደማስነሣት ጨነቀኝ።» (ከሀይቅ ዳር)

ለምን ትነሣለች? ቤቱ የእርሷ ነው! መራጩ ፊልሙን ቀድሞ ይየውና ለሳሎኑ የማይሆነውን ለሌላ ቤት ያቆየው። እያዩ በተጣደፈ እጅ ማሳለፍ ግን ከትዕይንቱ የባሰ ያሳፍራል፤ ሪሞቱ ሲፈለግ ሁሉም ሰው ምን እየተሸሸ እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚያ ይልቅ እናትሽ ከማናችሁም የተሻለ የምትናገርበትን ፊልም አምጪ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ፣ በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ትከሰሳለች። ታሪኩ በተፈጸመበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ለእናንተ ታሪክ የሆነው ለእርሷ ትናንት ነው። በሰፈሯ ሽማግሌ ተልኮ «በእርቅ ይለቅ» ሲባል ሰምታ ይሆናል። ጠይቂያትና ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ፊልሙ ከባድ ትዕይንት ስላለው ግን አስቀድመሽ ንገሪያት።

«የአማርኛው ሰብታይትል ባዶ ሳጥን እየሆነ ይወጣል፤ ሲስተካከል ደግሞ ከንግግሩ ይቀድማል።» (ከታቦር)

ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ «ሴቭ አዝ» ስትሉ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 አድርጉት፤ በማጫወቻውም ውስጥ እንደ ኒያላ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ምረጡ። ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ የምታዩ ከሆነ ጽሑፉ ሲቀድም ኤች፣ ሲዘገይ ጂ የሚለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ነው። ይህን ሰው ከመሰብሰቡ በፊት ጨርሱት፤ አሥር ሰው ተቀምጦ ሲጠብቅ ላፕቶፕ መነካካት አይመከርም።

«ፒያሳ አካባቢ ያለ የካፌ ባለቤት በፕሮጀክተር እንድናሳይለት ጠየቀን፤ መግቢያም እናስከፍል ይላል። እንስማማ?» (ስም አልተጠቀሰም)

እንደ እኔ፣ አይሆንም። በቤታችሁ ከጓደኛ ጋር ማየትና ለመጣው ሁሉ ማሳየት አንድ አይደሉም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን ለሕዝብ የማቅረብ መብት የሥራው ባለቤት ነው። ካፌው ካማራችሁ የአገር ውስጥ ፊልም ምረጡና ፕሮዲዩሰሩን ፈልጋችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። ምናልባት ዳይሬክተሩን ጭምር ለውይይቱ ትጋብዙት ይሆናል።

ፈቃድ ካገኛችሁም ማሳያው ሰዓት ይታሰብበት። በሐዋሳ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት በረንዳ ላይ በፕሮጀክተር ማየት ትርፉ ዓይን ማድከም ነው።

«በአንድ ማታ ሁለት ፊልም ብናይስ?» (ከአዲስ ከተማ)

ለማየት ብቻ ከሆነ እንደ ፍጥርጥራችሁ። ለመወያየት ከሆነ አንዱ ይበቃል፤ ሁለተኛው ሲያልቅ ግማሹን ሰው እንቅልፍ ይዞታል፣ ሌላው ባጃጅ ሳይጠፋ ለመድረስ ጫማውን እያጠለቀ ነው።