የሎጎ ሐይቅ ወለል ፎቶ ለምን ደፍርሶ ይወጣል?

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለውን የሎጎ ሐይቅን ወለል በካሜራ እያጠናሁ ነው። የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚሠራው የባሕር ወለል ዓለት) ተመራማሪዎች እንደሚያደርጉት ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ክፈፍ አሠርቼ፣ ካሜራውን 1 ሜትር ከ20 ከፍ አድርጌ አስሬ፣ ከጀልባ በገመድ እያወረድኩ አነሳለሁ። ከ5 ሜትር በታች መብራት ሳበራ ፎቶው ወተት ይመስላል፤ ክፈፉ ይሽከረከራል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መስተዋቱ ከውስጥ ጉም ይይዛል። ካሜራ ልቀይር ወይስ ጠላቂ ልቅጠር?» (ከደሴ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ካሜራውን አትቀይሪ። ጠላቂም አትቅጠሪ፤ የዚህን ምክንያት ወደ ታች ታገኚዋለሽ። ችግሩ ሦስት ቢመስልም ዋናው አንድ ነው፤ በሌንሱና በጭቃው መካከል የተውሽው ውሃ በዝቷል።

የተከተልሽው ዘዴ የተሠራው ለጠራ ባሕርና ለጠንካራ ወለል ነው። ቀይ ባሕር ላይ ውሃው በሚጠራበት ቀን ጠላቂ 20 ሜትር ርቆ ያለን ነገር ያያል። ኮራሉም ድንጋይ ስለሆነ ክፈፍ ቢያርፍበት ምንም አይነሳም። ሎጎ ላይ ደቂቅ አልጌ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ከዳሩ ራቅ ሲባል ደግሞ ወለሉ እጅ የሚውጥ ደለል ነው። እዚህ 1 ሜትር ከ20 ውሃ ማለት 1 ሜትር ከ20 ጉም ማለት ነው። ብርሃኑ ወርዶ ተመልሶ ስለሚመጣ ርቀቱን በግማሽ ስታሳጥሪ የምታገኚው ጥራት ከእጥፍ ይበልጣል።

ርቀቱን በግምት አትወስኚ፤ ውሃውን ጠይቂው። ከላሜራ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስቆርጪ፣ አራት ቦታ ከፍለሽ ሁለቱን ጥቁር ሁለቱን ነጭ ቀቢ፣ በመሐሉ ገመድ አስገብተሽ ከሥሩ ክብደት እሰሪ። በጀልባው ጥላ በኩል አውርጂው። የጠፋበትንና ስታነሺው መልሶ የታየበትን ጥልቀት ደምረሽ ለሁለት ክፈዪ። እኔ የምይዘው ልክ የዚህን አንድ አምስተኛ ነው፤ ክቡ በ2 ሜትር ከጠፋ ካሜራው ከወለሉ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራቅ። ይህን በየቀኑ ከሥራ በፊት ለኪና መዝግቢ። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ወንዝ ዝናብ ባወረደ ማግሥት በትናንቱ ቁጥር ብትሠሪ ዋጋ የለውም። ከወንዙ አፍ አጠገብ ያሉትን ጣቢያዎች ደግሞ ለበጋ አቆያቸው።

40 ሴንቲ ሜትር ላይ 1 ሜትር ክፈፍ እንደማይገባ ታውቂያለሽ። ጠፍጣፋ መስተዋት ያለው ሃውዚንግ (ካሜራውን ከውሃ የሚጠብቀው ሳጥን) ውሃ ውስጥ እይታን ያጠባል፤ ከውሃ ውጪ 90 ዲግሪ የሚያይ ሌንስ ውሃ ውስጥ የሚያየው 64 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ክፈፉን ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አሳጥሪው። አንድ የ1 ሜትር ካሬ በስፋት ከ11 የ30 ሴንቲ ሜትር ካሬዎች ጋር ይተካከላል። ሥራ የበዛብሽ ይመስላል እንጂ ትርፉ ያንቺ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ሰፊ ከማየት ይልቅ ብዙ ቦታ ላይ ትንሽ ትንሽ ማየት ስለ ወለሉ የበለጠ ይናገራል። ሪፍ ላይ 50 ሜትር ሜትሮ ዘርግተው በላዩ ይሄዳሉ፤ አንቺ ጥልቀቱን እንደ ሜትሮ ያዢው፤ 2፣ 4፣ 6፣ 10፣ 15፣ 20 ሜትር ላይ በየመስመሩ ቢያንስ 12 ፎቶ።

አሁን ወደ ወተቱ። ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ረጅሙን መብራት የሚያበራ ሾፌር ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ነው የሚያየው። መብራትሽን ከካሜራው ጎን ስታስሪው ያደረግሽው ይህንኑ ነው፤ ብርሃኑ ጭቃው ጋ ከመድረሱ በፊት ሌንሱ ፊት ያለውን ብናኝ ሁሉ ያበራዋል። ሁለት የውሃ ውስጥ ባትሪ ያዢ፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ከሌንሱ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀሽ በብረት ክንድ ላይ እሰሪ። 45 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘንብያቸው፤ ጨረሮቹ የሚገናኙት ወለሉ ላይ ይሁን እንጂ ሌንሱ አጠገብ አይሁን። ማታ ቤት ውስጥ ወለል ላይ አቁመሽ ብታበሪው የብርሃኑ መገናኛ በግልጽ ይታያል። ክፈፉን ነጭ አትቀቢው፤ ካሜራው በነጩ ተታሎ ምስሉን ያጨልምና ጭቃው ጥቁር ይወጣል። አመድማ ቀለም፣ የማያብረቀርቅ፣ ጥሩ ነው። የቀለም ሚዛኑንም በራሱ እንዲሠራ አትተዪው፤ አመድማ ፕላስቲክ ቁራጭ ክፈፉ ማዕዘን ላይ እሰሪና በኋላ ኮምፒውተር ላይ በእሱ አስተካክዪ።

የወተቱ ግማሽ ግን ከታች ነው የሚመጣው። ክፈፍሽ ጭቃው ላይ ሲወድቅ ደለል ያፈነዳል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያስፈልግሻል።

አሸዋ፣ ጠጠርና የውሃ አረም ባለበት፦ ከ8 ሚሊ ሜትር ፌሮ የተበየደ ክፈፍ፣ ከአራቱ እግሮች ሥር 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የላሜራ ጫማ ያለው። ጫማው ከክፈፉ ወደ ውጭ ይውጣ፣ ወደ ውስጥ ከገባ ፎቶሽን ይሸፍናል። የመጨረሻዋን 1 ሜትር እንቁላል እንደምታስቀምጪ ቀስ ብለሽ አውርጂ፤ ካረፈ በኋላ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ጠብቂ።

ለስላሳ ደለል ላይ፦ ምንም እንዳያርፍ አድርጊ። የታችኛውን ካሬ አውልቂና በምትኩ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 16 ፌሮ በሁለት ሲባጎ አንጠልጥዪ፤ ከሌንሱ በታች 40 ሴንቲ ሜትር፣ በእይታው ጠርዝ በኩል። ብረቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ወለሉን ሲነካ ገመዱ እጅሽ ላይ ይቀላል፤ እዚያው ያዢው፣ ካሜራው ተንሳፍፎ ይቆያል። ብረቱን በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁርና አመድማ ቀቢው፤ መለኪያሽ እሱ ነው። ጀልባዋ ትንሽ ስለምትነሳና ስለምትወርድ የካሜራው ከፍታ በየፎቶው ይለያያል፤ ስፋቱን በግምት ሳይሆን ከብረቱ ርዝመት አስዪው። ፎቶ ሳይሆን ቪዲዮ ቅረጪ። ደለሉ ከብረቱ ሥር ተነስቶ እይታውን እስኪሸፍን ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ ከመንካቱ በፊትና እንደነካ ካለው ቪዲዮ የጠራውን ምስል ቆርጠሽ ታወጫለሽ።

መሽከርከሩ የገመዱ ጥፋት ነው። ሦስት ክር ተገምዶ የተሠራ ናይሎን ክብደት ሲያገኝ ይፈታል፤ ሲፈታ ያዞራል። እንደ ሹሩባ የተሸረበ ገመድ ግዢ፣ 8 ሚሊ ሜትር ለእጅ ይመቻል። ከክፈፉ አንድ ጎን ደግሞ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ክንፍ እሰሪ፤ የውሃው ፍሰት ይይዘዋል። ገመዱን በየሜትሩ በቀለም ቴፕ ምልክት አድርጊ፣ ምልክት የምታደርጊው ግን ገመዱ ከረጠበና ክብደት ከተንጠለጠለበት በኋላ ነው፤ ደረቅ ገመድ ሲረጥብ ርዝመቱ ይቀየራል። ነፋስ ጀልባዋን ሲገፋት ገመዱ ይዘነብላል። ከቀጥታው 30 ዲግሪ ካዘነበለ 20 ሜትር ያወረድሽ ይመስልሻል እንጂ ያለሽው 17 ሜትር ላይ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ውሃው ሲተኛ ሥሪ፣ ከፊትና ከኋላ ሁለት መልሕቅ ጣይ።

ጉሙን ደሴ ላይ ነው የምትፈውሺው። ሃውዚንጉን ጀልባ ላይ፣ እርጥብ እጅ ይዘሽ ስትዘጊው እርጥበቱን አብረሽ ትዘጊበታለሽ። ካሜራው ሲሠራ ይሞቃል፣ መስተዋቱ በውሃው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ እዚያ ላይ ይቋጥራል። ንጋት ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ በደረቅ እጅ ዝጊው። በአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አንድ ሁለት ጨምሪበት፤ ከመጨመርሽ በፊት ምድጃ አጠገብ በደንብ አድርቂው፣ አለዚያ ጠግቦ የመጣ ከረጢት ምንም አይመጥም።

እዚህ ላይ አገሩ ራሱ ያግዝሻል። ደሴ ከሎጎ 500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ደሴ ላይ የተዘጋ ሃውዚንግ ውስጥ ያለው አየር ሐይቁ ዳር ካለው አየር ይሳሳል። ልዩነቱ በካሬ ሳንቲ ሜትር 50 ግራም ያህል ነው። 8 በ6 ሴንቲ ሜትር ክዳን ላይ ከ2 ኪሎ በላይ ሆኖ ውሃ እንዳይገባ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ጎሚኒ ይጫነዋል፤ ገና ውሃ ሳይነካው ማለት ነው። በተቃራኒው ሐይቅ ከተማ ዘግተሽ ደሴ ብትወጪ ክዳኑ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ ለመመለሻ ከፍተሽ አጓጉዢው። ሐይቁ ላይ ባትሪ ለመቀየር እንዳትከፍቺው ስክሪኑንና ዋይፋዩን አጥፊ፣ ካሜራውንም በየጣቢያው መካከል በውጪ ቁልፉ አጥፊው።

ጎሚኒውን እያየሽ ነው የምትዘጊው፤ አንዲት ፀጉር ብትጋደምበት ውሃ መንገድ አገኘ። ቅባት ሲባል እንደ ቅቤ አይደለም፣ ጎሚኒው እንዲያብረቀርቅ ያህል ብቻ። የሲሊኮን ጎሚኒ በሲሊኮን ቅባት ያብጣልና አምራቹ ያዘዘውን ብቻ ተጠቀሚ። መጀመሪያ ባዶውን ሃውዚንግ ሶፍት አስገብተሽበት፣ ድንጋይ አስረሽበት፣ ልትሠሪበት ካሰብሽው ጥልቀት 5 ሜትር ጨምረሽ ለ20 ደቂቃ አውርጂው። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ካሜራው ይግባ።

ጠላቂን በተመለከተ፦ የአየር ግፊቱ እዚህ ከባሕር ጠለል አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ በሎጎ 20 ሜትር መጥለቅ ለሰውነት ባሕር ላይ 25 ሜትር እንደመጥለቅ ነው። ለባሕር የተሠራውን የመጥለቂያ ጥልቀትና ሰዓት ሰንጠረዥ ይዞ የሚጠልቅ ሰው ራሱን ያታልላል። ከዚያ ወጥቶ በዚያው ቀን መኪና ይዞ ወደ ደሴ ሽቅብ መውጣት ደግሞ ከጠለቁ በኋላ በአውሮፕላን እንደመብረር ያለ አደጋ አለው። ለፎቶ ብሎ ይህን መክፈል አያስፈልግም። ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል ላሉት ጣቢያዎች ፈቃዱን ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ የወንዶቹ ገዳም ሴት ስለማያስገባ በጀልባ ሆነሽ ከውሃው በኩል ብቻ ነው የምትሠሪው።

ፎቶውን ስትቆጥሪ በእያንዳንዱ ምስል ላይ 25 ነጥብ በዕጣ አሳርፊና ነጥቡ ያረፈበትን ጻፊ፤ ደለል፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ አረም፣ ቀንድ አውጣ። ኮራል የሚለውን የሪፍ ቅጽ እንዳለ አትገልብጪው። ቀንድ አውጣ ላይ ተጠንቀቂ፣ ባዶ ቅርፊትና ሕያው አንድ አምድ ውስጥ ከገቡ የሞተውን ሁሉ በሕይወት አለ ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። ቅርፊቱ ላይ አልጌ ለብሶ አፉ ደለል ከሞላ ባዶ ነው።

ካሜራ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ያለውን አያይም። ትሎችና የትንኝ መሰል ነፍሳት እጮች እዚያ ናቸው። 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጭቃ መዝገኛ (ከወለሉ ጭቃ ዘግኖ የሚያወጣ ዕቃ) ተዋሺ፣ የወጣውን በግማሽ ሚሊ ሜትር ወንፊት እጠቢ፣ የቀረውን በ70 ፐርሰንት አልኮል አቆዪ። የቆጠርሽውን በ44 ብታባዢ የ1 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቀይ እጭ ካየሽ ደም የሚመስለው ቀለሙ ኦክስጅን መያዣው ነው፤ ትንፋሽ ባጠረበት ጭቃ ውስጥ የሚኖረው በእሱ ነው።

ወደ ጥልቁ ስትወርጂ መዝገኛው ጥቁር፣ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጭቃ ይዞ ይወጣል። እዚያ ኦክስጅን የለም፣ ፎቶውም ባዶ ይሆናል። ካሜራው ተበላሸ ብለሽ እንዳትጥዪው፤ ጥልቀቱን፣ ሽታውንና 0 ጽፈሽ አስቀምጪው።