ቢሮው ይሻለኛል ወይስ ፋብሪካው?

ጥያቄ፦ ከአዳማ የምጽፍ የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቅ ነኝ። የአምስት ዓመቱን ትምህርት ጨርሼ የመውጫ ፈተናውንም ካለፍኩ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ስፈልግ ቆይቻለሁ። የሥራ ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው የሁለትና የሦስት ዓመት ልምድ ስለሚጠይቁ ተስፋ ወደ መቁረጥ ተቃርቤ ነበር፤ አሁን ግን ሁለት ዕድል በአንድ ጊዜ ገጠመኝ። አንደኛው አዲስ አበባ ውስጥ ማሽነሪ አስመጥቶ የሚሸጥ ድርጅት ሲሆን፣ የሽያጭ መሐንዲስ በሚል መደብ በተሻለ ደመወዝና በኮሚሽን ሊቀጥረኝ ፈቅዷል። ሁለተኛው ከከተማው ራቅ ያለ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ነው፤ መደቡ ጀማሪ የጥገና መሐንዲስ፣ ደመወዙ ዝቅ ያለ፣ ሥራው በፈረቃ ሆኖ የሌሊት ተራም ያለበት ነው። በተጨማሪም ለሥልጠና በሚል የሁለት ዓመት የግዴታ ውል እንደሚያስፈርሙኝ ነግረውኛል። ቤተሰቦቼ «ሴት ልጅ ከግራሶ ጋር ምን አላት» እያሉ ወደ ቢሮው ይገፉኛል። እኔ ደግሞ ኢንተርንሺፕ በወጣሁበት ቦታ ቆሜ ከማየት በቀር ማሽን እንድነካ ስላልተፈቀደልኝ፣ ፋብሪካው ውስጥ ምንም አታውቅም ተብዬ እንዳላፍር እሰጋለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ የደመወዙን ልዩነት በአሃዝ ስላልጻፉልን፣ ዝቅተኛው ክፍያ የቤት ኪራይዎንና ቀለብዎን ይሸፍናል ብለን ተነስተናል። ይህ ካልሆነ ምክራችን ብዙም አይረባዎትም፤ ከሆነ ግን ወደ ፋብሪካው ይሂዱ እንላለን። ሁለት ሦስት ዓመት በጥገና የሠራ መሐንዲስ ነገ የሽያጭ ሥራ ቢያመለክት፣ ስለሚሸጠው ማሽን ከገዢው እኩል መነጋገር የሚችል ሰው ተደርጎ ይታያል። ሥራውን በሽያጭ የጀመረ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ የጥገና መደብ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ እንደ ጀማሪ ይቆጠራል። ለዚህ ምክር አንድ ልዩነት እናስቀምጥ። አስመጪው ድርጅት የሸጠውን ማሽን ራሱ የሚተክል፣ የሚያስጀምርና ከሽያጭ በኋላ የሚጠግን ከሆነ፣ እርስዎንም ከተካዮቹ ጋር ወደ ደንበኞች ፋብሪካ የሚልክዎ ከሆነ፣ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ መልስ ከመስጠትዎ በፊት ይህንኑ በግልጽ ይጠይቋቸው። ሥራው ፕሮፎርማ ማዘጋጀትና ስልክ መደወል ብቻ ከሆነ ግን የተማሩት ትምህርት ቀስ በቀስ እየራቀዎት ይሄዳል።

ፋብሪካውን ያስመረጠን ሌላው ምክንያት የአገራችን ሁኔታ ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት መለዋወጫን ለወራት ሲያስጠብቅ መኖሩን በፋብሪካ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃም በብር ሲሰላ በዚያው ልክ ተወደደ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተበላሸውን ክፍል ለክቶ፣ በትክክል ነድፎ፣ እዚሁ በቶርኖ (ብረትን እያዞረ በሚቀርጽ ማሽን) አስቀርጾ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው በፋብሪካው ውስጥ ተፈላጊ ነው፤ ይህን ሙያ ደግሞ ማሽኑ ካለበት ቦታ ርቆ መማር አይቻልም።

አላውቅም ተብዬ አፍራለሁ ያሉት ስጋት የሁሉም ጀማሪ ስለሆነ አያስጨንቅዎ። የሚያሳፍረው አለማወቅ ሳይሆን ያወቁ መምሰል ነው። በፈረቃው የሚያገኟቸው ቴክኒሻኖች ብዙዎቹ የሙያ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ወይም ሥራውን በልምድ ያካበቱ ሰዎች ናቸው፤ ፓምፕ ሊበላሽ ሲል በድምፁ ይለዩታል። እነዚህን ሰዎች በመጀመሪያው ወር በማዘዝ ከመጀመር ይልቅ መፍቻ እያቀበሉ፣ ቡሎን እየፈቱና ግራሶ እየጠረጉ መጠየቅ ይሻላል። ጋሼ፣ እትዬ ብሎ መጠየቅም የመሐንዲስነትን ክብር አይነካም።

ታዲያ ዲግሪው የሚጨምረው ምንድን ነው? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ማጓጓዣ ሞተር ኩሽኔታ (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ቀለበት) በየሦስት ወሩ ይበላሻል እንበል። ቴክኒሻኑ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን በፍጥነት ያስገባል፤ በዚህ በኩል እርስዎ አይበልጡትም። የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው «ለምን በየሦስት ወሩ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ቺንጊያው ከሚገባው በላይ ተወጥሮ ኩሽኔታውን እየጎተተው ይሆን? ሞተሩና የሚነዳው ሻፍት (ዘንግ) አልተስተካከሉ ይሆን? ግራሶ አብዝተው ሞልተውበት እየጋለ ይሆን? ወይስ ሻፍቱ ተበልቶ ኩሽኔታው ላዩ ላይ እየዞረ ይሆን?

የመጨረሻው ከሆነ መለካት ይመጣል። ኩሽኔታው ላይ 6308 የሚል ቁጥር ካለ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ሲያባዙ የውስጥ ቀዳዳው 40 ሚሊሜትር መሆኑን ያገኛሉ፤ የውጭው ስፋት 90፣ ውፍረቱ ደግሞ 23 ሚሊሜትር ነው። ሻፍቱ ከኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነና ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ ጠብቆ እንዲቀመጥ የተለመደውን ኬ6 የሚባለውን ልክ ከመረጡ፣ የሻፍቱ ስፋት ከ40.002 እስከ 40.018 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የቶርኖ ባለሙያው በቃል ብቻ «አርባ አድርግልኝ» ተብሎ 39.90 አድርጎ ቢሰጥዎ፣ አዲሱ ኩሽኔታም እንደ አሮጌው ሻፍቱ ላይ መዞሩ አይቀርም። ጥፋቱም የባለሙያው ሳይሆን፣ ልኩን ከነመቻቻያው (ከሚፈቀደው የልክ ልዩነት ጋር) በወረቀት ነድፎ ያልሰጠው መሐንዲስ ነው። በዩኒቨርሲቲ የማሽን ኤለመንት ክፍል ውስጥ አሰልቺ የነበረው የልክ ሠንጠረዥ እዚህ ላይ ገንዘብ ያድናል። የየብልሽቱን ቀን፣ ምክንያትና የቆመበትን ሰዓት በአንድ ደብተር ላይ መዝግበው ይያዙ፤ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ላይ ከሲቪዎ ይልቅ የሚያናግርልዎ ይኸው መዝገብ ይሆናል።

የግዴታ ውሉን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። ሥልጠናው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሰጥና ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ያልተገለጸበት፣ ቢወጡ የሚከፍሉት ገንዘብም ባገለገሉት ወር ልክ የማይቀንስ ውል አይፈርሙ። አሠሪው ራሱ ቢያሰናብትዎ ግዴታው እንደሚቀር በግልጽ ይጻፍልዎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ የግዴታው ጊዜ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠርም ጠይቀው ይወቁ። ዋናውን የትምህርት ማስረጃዎን በመያዣነት አይስጡ፤ ቅጂው ከዋናው ጋር ከተመሳከረ በቂ ነው። ሥራውን በሚለቁበት ጊዜ የሠሩትን የሥራ ዓይነት፣ የቆዩበትን ጊዜና ደመወዝዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ የመቀበል መብት አለዎት።

የሌሊቱን ተራ በተመለከተ ቤተሰብዎን በዋናነት የሚያሳስበው መንገዱ ይመስለናል፤ ፋብሪካው የሌሊት ሠራተኛን በሰርቪስ ያጓጉዝ እንደሆነ፣ ለሴቶች የተለየ የልብስ መቀየሪያ ክፍል ይኑረው እንደሆነ ቀድመው ሄደው ይዩ። በጾታ ምክንያት በቅጥርም ሆነ በክፍያ ልዩነት ማድረግ በዚሁ አዋጅ የተከለከለ ነው። ከመደበኛ ሰዓትዎ በላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ካሠሩዎት የትርፍ ሰዓት ክፍያው የሰዓት ደመወዝዎ በ1.75 ተባዝቶ ነው፤ ተራዎ ደርሶ የሠሩት መደበኛ የሌሊት ፈረቃ ግን እንደ ትርፍ ሰዓት እንደማይቆጠር ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የሶሊድወርክስና የአውቶካድ (የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራሞች) ሰርተፍኬት አለኝ፤ ውጤቴ ግን መካከለኛ ነው። በቅርቡ ኢንተርንሺፕ እንወጣለን። የት ብሄድ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሰርተፍኬቶቹ መልካም ናቸው፤ ሆኖም በስክሪን ላይ የሚነድፉትን ክፍል በምን ማሽን፣ ከምን ብረት እንደሚሠራ ካላወቁ ንድፉ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቶርኖ፣ ፍሬዛ (በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚቀርጽ ማሽን) እና ብየዳ ያለበት ወርክሾፕ ውስጥ ጥቂት ሳምንት መቆየት ከተጨማሪ ሰርተፍኬት ይበልጣል፤ የሰፈር ጋራዥም ቢሆን አይናቁ።

ከትልልቆቹ መካከል የኛ ምርጫ የስኳር ፋብሪካ ነው። እንደ ወንጂ ሸዋ፣ መተሐራና ፊንጫ ባሉት ፋብሪካዎች ውስጥ የአገዳ መጭመቂያ፣ በአገዳው ገለባ የሚነድ ቦይለር፣ የእንፋሎት ተርባይን፣ ጊርቦክስ፣ ፓምፕና ማጓጓዣ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፤ ቴርሞዳይናሚክስ በብላክቦርድ ላይ የተማረ ሰው እንፋሎቱ ተርባይኑን አዙሮ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ እዚያው ያያል። በተለይ በክረምት መጭመቁ ቆሞ ጠቅላላ ጥገና በሚደረግበት ጊዜ ማሽኖቹ ሁሉ ተከፍተው ስለሚገኙ፣ ጊዜው ከገጠመልዎ እንዳያመልጥዎ። ሲሄዱ ካሊፐርና ደብተር ይያዙ፤ የተፈታ ክፍል ሲያገኙ አስፈቅደው ይለኩ፣ በእጅ ይንደፉ፣ ማታ በሶሊድወርክስ ይሥሩት፤ ከመመለስዎ በፊትም ንድፉን ለወርክሾፑ ኃላፊ አሳይተው እንዲያርምልዎ ይጠይቁ። ለቅጥር ሲያመለክቱ ከሲቪዎ ጋር የሚያያይዙት ይህን የታረመውን ንድፍ ይሁን።