በማሽከርከር ጥፋት የተቀጣች ሞግዚት ልቅጠር ወይ? ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር የሕፃናት ማቆያ ከፍቼ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ሞግዚት ቅጥር የጨነቃችሁን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ለ2 ዓመት ልጄ ሞግዚት አግኝቼ ነበር፤ ልጄም ወዷታል። ተያዥዋ ግን «ድሮ ባጃጅ ስትነዳ ሰው ገጭታ ተፈርዶባታል» አለኝ። ልተዋት?

መልስ፦ እህቴ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ የተፈረደባት በምን እንደሆነ እወቂ። ትርፍ ጭና ትራፊክ ቢቀጣት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ጎድታ ፍርድ ቤት ከቀረበች ሌላ ነው። ወንጀል ሆኖም እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ሹፌር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል። ሆን ብሎ ደንብ የጣሰ ወይም ጠጥቶ ራሱን የሳተ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሕጉ የለየውን እኛም መለየት አለብን።

ከዚያ ቡና አፍልተሽ፣ ሰው በሌለበት ራሷን ጠይቂያት። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከገጨሽ በኋላ ቆምሽ ወይስ ሄድሽ? አንዴ ለሥራ የመጣች ልጅ በብስክሌት የሚሄድ ተማሪ እንደገጨች ነገረችኝ። አንስታ ሆስፒታል አድርሳው፣ ቤተሰቡ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀምጣለች። ቀጠርኳት፤ 4 ዓመት ሠራች፣ አንድ ቀን አላሳዘነችኝም። ልጅ ከእጇ ወድቆ ቢጎዳ ሮጣ የምትነግርሽን ሰው ነው የምትፈልጊው። ትንሹን የምትደብቅ ትልቁንም ትደብቅሻለች።

ጥያቄ፦ ከፖሊስ የጣት አሻራ ማስረጃ ብታመጣ አይበቃም?

መልስ፦ ይምጣ፣ ጥሩ ነው። ግን ልጅ ሲያለቅስ ምን እንደምታደርግ አይነግርሽም። ከዚህ በፊት ያሠሯትን 2 ሰዎች በስልክ አናግሪ፤ መታወቂያዋንና የተያዥዋን አድራሻ ያዢ። የደላላ ቃል ብቻ ይዘሽ ልጅ አትስጪ።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ጠዋት ወደ ኬጂ የሚያደርስ ባለ ባጃጅ ይዤ ነበር። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ያውቃል አሉኝ።

መልስ፦ አይሆንም፣ ወንድሜ። የምትቀጥረው ለዚያው ለመንዳት ነው። ሌላ ፈልግ፤ ያኛውም ቢሆን ከ3 ልጅ በላይ እንዳይጭን።

ጥያቄ፦ ውል ያስፈልጋል?

መልስ፦ ያስፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ እንደ እኔ ያለ ማቆያ ላይ ግን ይሠራል። ስለዚህ ደመወዙን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የሙከራ ጊዜውን በወረቀት አስፍሩ። ለእሷም መከታ ነው።

ጥያቄ፦ ቤታችን ከጣና ዳር ነው። ሞግዚቷ ዋና አትችልም።

መልስ፦ ከድሮ የትራፊክ ቅጣት ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። ትንሽ ልጅ ሲሰምጥ ብዙ ጊዜ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው። በሩ ይቆለፍ። ወደ ሐይቁ ስትወጣ እጁን ይዛ እንጂ ከኋላው እየተከተለች አይሁን፤ ስልኳም ቤት ይቅር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ። ጠየቅኋት። አለቀሰች፤ ቆማ ነበር፣ የተገጨችውን ሴትዮ ዛሬም ትጠይቃታለች።

መልስ፦ እንግዲያው አስጀምሪያት። የመጀመሪያውን ሳምንት መንገድ ስታሻግረው አብረሻት ሂጂና እይ። የነገረችሽን ደግሞ ለጎረቤት አታውሪባት።