የማኅበራችሁ ድረ ገጽ ምን ይኑረው?

እህቴ፣ «ጎንደር ውስጥ አረጋውያንን ቤት ለቤት የምንረዳ ትንሽ ማኅበር ነን፤ ድረ ገጽ ልናሠራ ስለሆነ ምን ምን ይኑረው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። እዚሁ ከተማ ጥቂት ማኅበራትን በዚህ ሥራ አግዣለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ገጻችሁን የሚከፍተው ሰው ብዙ ጊዜ ስለ እናንተ ቀድሞ የሰማ ነው። ለጥምቀት መጥቶ አንዱ አባላችሁ ያወራው ዲያስፖራ፣ አዲስ አበባ ያለ የጎንደር ልጅ፣ ወይ ለመርዳት ያሰበ ድርጅት ነው። «እነዚህ ሰዎች እውነት ይሠራሉ ወይ?» ብሎ ነው የሚመጣው። የፋሲል ግንብን ፎቶ ከላይ ብትለጥፉለት መልስ አያገኝም። «ሁለንተናዊ ተጠቃሚነትን ማረጋገጥ» የሚለውንም ማንም አያነበውም። «ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤታቸው ሄደን ገላቸውን እናጥባለን፣ ምግብ እናበስላለን፣ ሲታመሙ ሐኪም ቤት እንወስዳለን» ብላችሁ ጀምሩ፣ ሰፈሩንም ጥቀሱ።

ቀጥሎ ማስረጃ ነው፤ እዚህ ላይ አትሰስቱ። የምዝገባ ቁጥራችሁ፣ የቦርድ አባላት ስም፣ የቢሮው አድራሻ፣ የዓመቱ ገቢና ወጪ ይውጣ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ የእናንተ ስንት እንደሆነ በግልጽ ጻፉት፣ ሰጪ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የባንክ ሒሳቡም ሆነ ቴሌብሩ በማኅበሩ ስም ይሁን። የግለሰብ ስም ያየ ሰው፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ይጠራጠራል። ውጭ ላሉት የባንኩን ስዊፍት ኮድ (ከውጭ ገንዘብ ሲላክ ባንኩ የሚለይበትን ኮድ) ጨምሩ።

ስለ ፎቶ አደራ። አልጋ ላይ የወደቁ እናትን በዚያ ሁኔታ አንስቶ ለዓለም ማሳየት ልመና እንጂ እርዳታ አይደለም። አስፈቅዱ፤ ፎቶው የት እንደሚወጣም አስረዷቸው፤ ለምግብ የሚረዳቸው ሰው ሲጠይቃቸው «እምቢ» ማለት እንደሚከብዳቸው አትርሱ። ቡና ሲፈላ፣ ወጣቶቻችሁ አብረዋቸው ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ያለው ፎቶ የበለጠ ይናገራል።

ለመሥሪያው ዎርድፕረስ የሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ይበቃችኋል። የድረ ገጹ ስም ግን በማኅበሩ ኢሜይል ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉንም ከአንድ በላይ ሰው ይያዘው። የማውቀው አንድ ማኅበር ስሙን ያስመዘገበው ባለሙያ በራሱ ኢሜይል ነበር፤ እሱ አገር ለቆ ሄደ፣ የዓመቱን ክፍያ የሚያድስ ጠፋ፣ ገጹም ተዘጋ። ፎቶዎቹን አሳንሳችሁ ጫኑ፤ የሚያየው ሰው በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያነበው የፊደል አጻጻፍ፣ በዩኒኮድ፣ እንደገና አስጽፉት፤ እንዳለ ከለጠፋችሁት ፊደሉ ይዘባረቃል።

ሠሪ ከመቅጠራችሁ በፊት የገቢና ወጪውን ገጽና ያንን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ። ዓረፍተ ነገሩን እዚህ ብትለጥፊው አይቼ የሚመስለኝን እነግርሻለሁ።